ፍሬው እስኪወርድ

መጋቢት 17

መብራት ሄደ። ክትባቱ ዛሬ ጠዋት ከአዲስ አበባ አሶሳ የገባ ነው። ጀነሬተሩ ይነሳል፣ ያጓራል፣ ይጠፋል። ይህን የምጽፈው መጻፍ አምሮኝ አይደለም። በኋላ ማን ምን እንዳለ፣ ምን እንደሆነ እንዳይምታታብኝ ነው።

መጋቢት 18

ጠዋት የፍሪጁ መለኪያ አሥራ አራት ዲግሪ ይላል። ከስምንት ካለፈ ክትባትነቱ አብቅቷል። የዶሮ ፈንግል ክትባቱን በሙሉ ከጓሮ አቃጥዬ ቀበርኩት። ብዙወርቅ አጠገቤ ቆማ፣ «ግማሹ እንኳ ደህና ሊሆን ይችላል እኮ» አለች። ሚስቴ ናት። በዚህ የእንስሳት መድኃኒት ቤት ባንኮኒ ላይ ከእኔ ጋር ስንት ዓመት ቆማ አሁንም «ሊሆን ይችላል» ትላለች። ሊሆን ይችላል የሚባል ክትባት የለም አልኳት።

ፍሪጁን ሳጸዳ ከታችኛው መደርደሪያ ላይ በሳህን የተቀመጠ ግማሽ ሎሚ አገኘሁ። ጣልኩት። በመድኃኒት ፍሪጅ ውስጥ የሚበላ ነገር አይገባም። በሩ ላይ በቀይ ጽፌ ለጥፌዋለሁ። ከዚህ በላይ ምን ይደረጋል?

ኻሚስ፣ የቆየ ደንበኛዬ፣ ለዶሮዎቹ ክትባት ሊወስድ ከመንደሩ በእግሩ መጥቶ ነበር። የለም አልኩት። «ግድቡ እኛ ጋ ነው፤ መብራቱ ሰው ቤት ነው የሚያድረው» አለ። ባንኮኒውን የተደገፉት ሁሉ ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም። በሽታው በየመንደሩ ገብቷል፤ ዶሮዎቹ ይሞታሉ። እሱም ያውቃል፣ ግን ቀልዶ ሄደ።

ሶላር አስገባለሁ።

መጋቢት 20

አዲስ አበባ ያለ አንድ የሶላር ድርጅት ጋ ደወልኩ። እዩኤል የሚባል ቴክኒሽያን የጣሪያውን ፎቶ ተቀብሎ ለሁለት ፍሪጅና ለመብራት ስምንት ፓነል ይበቃል አለኝ። አሥራ ስድስት አዘዝኩ።

«ዶክተር፣ እጥፍ ነው እኮ» አለ።

እጥፍ መሆኑን አውቃለሁ። እስከ ዛሬ የተቃጠልኩት በሚበቃ ነገር ስሠራ ነው።

ከዚያ ፎቶው ላይ ከጣሪያው አጠገብ ያለውን የማንጎ ዛፍ አየ። «ከሰዓት በኋላ ጥላ የሚያርፍበት ከሆነ ግን ሙሉ ዋስትና አንሰጥም። ቢከረከም ጥሩ ነው።» ወንበር ይዤ ግቢው ውስጥ ተቀመጥኩና ጠበቅኩ። ጥላው ከስምንት ሰዓት በኋላ የቆርቆሮውን ጫፍ ይነካል። ከዚያ ግማሹን ጣሪያ ይሸፍናል።

ቤቱ የእኔ አይደለም። የዓብዱልላጢፍ ነው። የመንግሥት ሥራ ለቅቄ ሱቅ ስከፍት ያከራየኝ እሱ ነው፤ መኖሪያው ከሱቁ ጀርባ ነው። ማንጎው በሁለታችን መካከል ይቆማል። የተከሉት እናቱ ናቸው። ኩርሙክ ሄደው የበሉትን ማንጎ ፍሬ በመቀነታቸው ቋጥረው አመጡት ይባላል።

መጋቢት 22

የኢድ ማግስት። ከብዙወርቅ ጋር ዓብዱልላጢፍ ቤት ሄድን። ሚስቱ ነዕማ ገንፎና ከርከዴ አቀረበችልን። ስለ ጣሪያው ነገርኩት። ሳልጨርስ፣ «ጣሪያው ያንተ ነው፣ የሻው። እኔ መቼ ወጥቼ አይቼው አውቃለሁ?» አለ።

«ዛፉስ?»

ከቀርከሃ አግዳሚው ላይ ሆኖ ወደ ላይ አየ። ፍሬው ገና የአውራ ጣት ጫፍ ነው የሚያክለው።

«ፍሬው ይውረድ» አለ። «የዘንድሮ ብቻ። ከወረደ፣ ኸላስ፣ ከሥሩ ብትጥለው የሻው ምን አደረገ አልልም።»

«መቼ ይወርዳል?»

«ለላም ሐኪም አለ። ለማንጎ የለም። ሲወርድ ይወርዳል።»

«ግንቦት መጨረሻ?»

«ይሄ ሰውዬ» አለ ወደ ብዙወርቅ ዞሮ፣ «ለዛፍም ቀጠሮ ይሰጣል።»

ውል አዘጋጅቼ ነበርና ከኪሴ አወጣሁ። «ወረቀት ለመንግሥት ነው» ብሎ መዳፎቹን ዘረጋ። ፋቲሐ ቀራ። እኔም መዳፌን ዘረጋሁ። ሱቁን ሲያከራየኝም ያደረግነው ይህንኑ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ በኪራይ ተጨቃጭቀን አናውቅም። ሃይማኖቴ ሌላ ነው፣ አረብኛውም አይገባኝም። ነገር ግን ፋቲሐ የተቀራበት ቃል እንደማይታጠፍ በዚህ ከተማ የማያውቅ የለም። ወረቀቱን አጥፌ መልሼ ከኪሴ ከተትኩ። ደስ አላለኝም። ወረቀት ቀን ይጽፋል። ፋቲሐ ቀን አይጽፍም።

ለምን ፍሬው እንደሚጠበቅ አውቃለሁ። የዚያ ዛፍ የመጀመሪያ ፍሬ አይሸጥም። በሳፋ ተደርጎ በሩ ላይ ይቀመጣል፤ የሚያልፍ ሁሉ አንሥቶ ያልፋል። ለእናቱ ነፍስ ሰደቃ ነው። እናቱ በሕይወት እያሉም ያደርጉት ነበር። በ1977 ከወሎ በሰፈራ ስንመጣ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ከዚያ ሳፋ በልቻለሁ። ይህ ከጣሪያው ጋር ግንኙነት የለውም።

ዓብዱልላጢፍ ከርከዴውን አልጠጣም። ገንፎውን በጣቱ ነካክቶ ተወው። ቀበቶው ላይ በሚስማር የተበሳ አዲስ ቀዳዳ አለ። ጾሙ ጎድቶታል። በዚህ ሙቀት እንዲያ አጥብቆ መጾም ምን ይባላል?

ሚያዝያ 3

ፍሬው የድርጭት እንቁላል ያክላል። የሚያድግ አይመስልም።

ሚያዝያ 5

መብራት ሁለት ጊዜ ሄደ። የከብቱ የገንዲ በሽታ መድኃኒት ሙቀት ይችላል። ክትባቱ ግን አይችልም። ብዙወርቅን ፍሪጁን ስትከፍት ሰከንድ እንድትቆጥር ነገርኳት። «አንተ ቁጠር፤ እኔ ደንበኛ አለኝ» አለች።

ሚያዝያ 6

እዩኤል ደወለ። የድርጅቱ መኪና ለአንድ የጤና ጣቢያ ሥራ ወደ አሶሳ ይመጣል። ዕቃዬን ጭነው እግረ መንገዳቸውን ሊሠሩልኝ ይችላሉ። በሚያዝያ ሃያ ገደማ ይገባሉ፤ ሦስት ቀን ቆይተው ይመለሳሉ።

«በግንቦት መጨረሻ አይሆንም?»

«ዶክተር፣ ከዚያ ወዲያ ዝናብ ነው። ይህ ካለፈዎት መስከረም ነው የምንመጣው።»

መስከረም። ክረምቱን በሙሉ ያለ ክትባት። ክረምት ደግሞ በሽታው የሚበረታበት ነው።

ዓብዱልላጢፍን ማነጋገር አለብኝ። ምክንያቱን ካወቀ ይረዳል። ምክንያት የሚገባው ሰው ነው።

ሚያዝያ 9

ለማነጋገር ሄጄ ነበር። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ተኝቷል። ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት በኋላ ተኝቶ አይቼው የማላውቅ ሰው። ነዕማ በሩ ላይ ቆማ፣ «ደክሞታል፣ ዶክተር። ነገ ና» አለች። የመግቢያውን መጋረጃ በእጇ ይዛ ነበር። እንዳልገባ ነው።

ወደ ሱቅ ስመለስ ከአጥሩ ወዲያ ድምፅ ሰማሁ። ልጃቸው ሙዳሲር ነው፤ «ለዐሚ የሻው ንገሪው፣ ይሻላል» ይላል። ከልጅነቱ ጀምሮ ዐሚ ነው የሚለኝ፣ አጎቴ ማለቱ ነው። ነዕማ መለሰች፤ «አባትህ አይሰማ ብሏል። ሁሉ ነገር ካለቀ በኋላ ይሰማል ብሏል።»

ምን ካለቀ በኋላ?

እስካሁን አስባለሁ። በጥር አባትና ልጅ አዲስ አበባ ሄደው ሦስት ሳምንት ቆይተዋል። ለንግድ ነው ብሎኛል። ይዞ የመጣውን ዕቃ አላየሁም። በዚህ ዕድሜው ምን ንግድ?

ቤቱን ሊሸጡ ነው። ሌላ ትርጉም የለውም።

ሚያዝያ 10

ብዙወርቅ እንዲህ አይደለም ትላለች። «ታዲያ ምንድን ነው?» አልኳት። «ሄደህ ጠይቀዋ። ጓደኛህ አይደለም?» አለች። አንድ ሰው ሊነግረኝ ያልፈለገውን ነገር ሄጄ አልለምንም።

አሁን «ፍሬው ይውረድ» ለምን እንዳለ ገባኝ። ጊዜ መግዣ ነው። ፋቲሐውም ቀን አልነበረውም። ወረቀት ቢሆን ኖሮ።

ሚያዝያ 12

ፋሲካ። ዓብዱልላጢፍ በየዓመቱ በፋሲካ ጠዋት ራሱ መጥቶ እንኳን አደረሳችሁ ይል ነበር። ዘንድሮ ሙዳሲርን ስኳር አስይዞ ላከ። ልጁ ቁጭ አላለም።

«አባትህ የት ነው?»

«ቤት ነው፣ ዐሚ።»

ዓይኔን አላየም።

ሚያዝያ 15

ቦርሳ የያዘ ሰው ከሙዳሲር ጋር ወደ ውስጥ ገባ። ሰዓት ሙሉ ቆየ። ሲወጣ ግቢውን ዞር ብሎ አየ፤ ዛፉንም አየ። ደላላ ለመሆኑ አልተጠራጠርኩም። ብዙወርቅ ባንኮኒው ላይ ሆና፣ «ደላላ ነጭ ጫማ አያደርግም» አለች። ደላላ የፈለገውን ጫማ ያደርጋል።

ሚያዝያ 17

ደከመኝ። የሚሰማኝ ንዴት አይደለም፤ ንዴት ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ጠዋት ሱቁን ከፍቼ ቁልፉን እጄ ላይ ይዤ የቆምኩበት ጊዜ ስንት እንደሆነ አላውቅም። ዲሳሳ፣ የቀን ሠራተኛው፣ «ዶክተር፣ ሊዘጉ ነው ወይስ ሊከፍቱ?» ሲለኝ ነው ያወቅኩት።

ሚያዝያ 19

መኪናው ገባ። አሥራ ስድስቱም ፓነል አንድ ሳይሰነጠቅ ደርሷል። አንድ በአንድ ፈትሼ ነው የተቀበልኩት። እዩኤል ገና ሠላሳ ዓመት የማይሞላው ትሑት ልጅ ነው። «ነገ ጤና ጣቢያውን እንጀምራለን፣ ከነገ ወዲያ እርስዎ ጋ» አለ። ዛፉን አየና፣ «ይቆረጣል ወይ?» አለ።

«ይቆረጣል።»

«አይ፣ እንደፈለጉ ብዬ ነው። ባይቆረጥም ጠዋቱ ንጹሕ ነው።»

«ሙሉ ዋስትና አንሰጥም ያልከኝ አንተ አይደለህም?»

«አዎ፣ ደንቡ እንደዚያ ነው» አለ። እንግዲህ ደንብ ከሆነ ደንብ ነው።

ሚያዝያ 20

ዲሳሳን ከነመጋዙ ጠራሁት። ከዛፉ ሥር ቆሞ ወደ ላይ አየ።

«ዶክተር፣ ይሄ ይዟል እኮ።»

«አያለሁ።»

«ፋቲሐ ተቀርቶበታል ይላሉ።»

«ማን ነው የሚለው?»

«ሰፈሩ ነው የሚለው። እኔ ባምባሲ ነው የተወለድኩት፤ የዚህን አገር ሰው አውቃለሁ። እጄን አላስገባም።» መጋዙን መሬት ላይ አስቀምጦ ሄደ። መጋዙን ትቶልኝ መሄዱ ያው ውለታ ነው።

ራሴ ወጣሁ።

ከሱቁ በኩል ያሉት ሁለት ትልልቅ ቅርንጫፎች ናቸው ጥላ የሚጥሉት። ሦስተኛው ወደ ነዕማ ማድቤት ያዘነበለ ነው፤ ጣሪያው ጋ አይደርስም። የመጀመሪያውን እየገዘገዝኩ ሳለ ወደ ታች አየሁ። ዓብዱልላጢፍ አግዳሚው ላይ ተቀምጧል። መቼ እንደወጣ አላየሁም። በዚያ ሙቀት ጋቢ ደርቧል። መጋዙን አቆምኩ። ይናገራል ብዬ ጠበቅኩ። መልሱን ሁሉ አዘጋጅቼ ነበር፤ ስለ ደላላው፣ ስለ ጥር፣ ስለ መስከረም።

እጁን አነሣ።

«ቀስ በል፣ የሻው» አለ። «ያ በግራህ ያለው አይታመንም። ልጅ ሆኜ ጥሎኛል።»

 በግራዬ ያለውን ሳልረግጥ በቀኙ ዞርኩና ቆረጥኩ። ሁለቱም ወደቁ። የዶሮ እንቁላል የሚያህል አረንጓዴ ፍሬ ግቢውን ሞላው። ስወርድ አግዳሚው ባዶ ነበር።

የሰፈር ልጆች ገብተው ጥሬውን ለቃቀሙ። በጨውና በበርበሬ ይበሉታል። ብዙወርቅ አንድ ጆንያ ሰብስባ ጭድ ውስጥ ቀበረችው፤ «ምናልባት ይበስላል» ብላ። ያልደረሰ ፍሬ ጭድ ውስጥ አይበስልም፤ ይጨማደዳል። ይህን ነገርኳት። «አውቃለሁ» አለች፤ መቅበሯን ግን አላቆመችም።

ሚያዝያ 22

ተገጠመ። ብሎኑን በሙሉ ራሴ ዳስሻለሁ። ሁለቱ ላልተው ነበር፤ አስጠበቅኩ። ቆርቆሮው የተበሳበት ቦታ ሁሉ ጎማ ገብቶበታል። ኢንቨርተሩ ግድግዳ ላይ፣ ባትሪዎቹ ከሥሩ። እዩኤል የማያ ገጹን ቁጥር እያሳየኝ፣ «ይኸው፣ ይሄ ከፀሐይ የሚመጣው፣ ይሄ ባትሪው የያዘው» አለ። ጥሩ ሥራ ነው። ምንም የማወጣለት እንከን አጣሁ።

ሲሄድ፣ «ደስ አላለዎትም እንዴ፣ ዶክተር?» አለኝ። ደስ ብሎኛል አልኩት።

ሚያዝያ 26

ከተማው ከትናንት ጀምሮ ጨለማ ነው። ፍሪጁ አራት ዲግሪ። አራት። አራት። በየሰዓቱ አራት።

ኻሚስ ክትባቱን ወሰደ። የቀሩት ዶሮዎች ስድስት ናቸው። በዚህ ጊዜ አልቀለደም። ከግቢው መግቢያ ላይ ቆሞ ጉማጁን አየ፤ ባንኮኒው ጋ መጥቶ ዋጋውን ብቻ ጠየቀ።

ግንቦት 2

ዓብዱልላጢፍ ወደ ሱቅ መምጣት ካቆመ ቆየ። ጠዋት ጠዋት እየመጣ ከባንኮኒው ማዶ ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚገባውን የሚወጣውን ሰው ሁሉ ይቀልድበት ነበር። «ይሄ ሰውዬ በሬውን አሞታል ይላል፤ የታመመው ራሱ ነው፣ ሙቀቱን ለካው» ይል ነበር። ወንበሩ ቦታ ይይዛል። ላነሣው እልና እተወዋለሁ።

ተቀይሞኛል። መቀየም መብቱ ነው። ቤቱን በስውር የሚሸጥ ሰው ግን ማንን ይቀየማል?

ግንቦት 4

ከዚህ በታች ያለው ቁጥር ብቻ ነው። የተከልኩት መሣሪያ ያሳየኝን አሥር ቀን ሙሉ መዝግቤያለሁ። ባትሪው በየቀኑ እኩለ ቀን ሳይሆን ይሞላል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ፀሐይ መግቢያ የለውም፤ ይባክናል። ደመና በነበረበት ቀን እንኳ ሰባት ሰዓት ላይ ሞልቷል። አሥራ ስድስት ፓነል ስላዘዝኩ ነው።

ጥላው ይመጣ የነበረው ከስምንት ሰዓት በኋላ ነው።

ግንቦት 6

ነዕማ ራሷ መጣች። ሱቁ ውስጥ ገብታ አታውቅም። «ዶክተር፣ ና» አለች። ደንበኞች ነበሩ። ተውኳቸው።

ዓብዱልላጢፍ አልጋው ላይ ነው። መጋረጃውን ገለጥኩ። ዓይኑ ቢጫ ነው። ቆዳው ቢጫ ነው። ሆዱ አብጧል፤ ክንዱ ግን አጥንት ነው። ላም ቢሆን ኖሮ በመጀመሪያው ቀን አውቀው ነበር። ላም ብትሆን የምግቡን መተው፣ የቀበቶውን ቀዳዳ፣ በቀን መተኛቱን፣ በሙቀት ጋቢ መደረቡን አንድ ላይ አስቀምጬ በአምስት ደቂቃ እናገር ነበር። ሁሉንም አይቻለሁ። እዚህ ደብተር ላይ ጽፌዋለሁ።

ውጭ ወጥተን ነዕማ ነገረችኝ። «በጥር አዲስ አበባ ሐኪሞች ጉበት ነው አለ። ወደ ቤት ውሰዱት አለ። እዚህ አንድ ነርስ ይመጣል፣ መርፌ ይሰጣል።»

ነጭ ጫማ ያደረገው።

«ለምን አልነገራችሁኝም?»

«እሱ ከለከለ። የሻው ከሰማ ሐኪም ይሆንብኛል አለ። ይለካኛል፣ ይመዝነኛል፣ ቀን ይቆጥርልኛል አለ። እኔ ጓደኛ ነው የምፈልገው አለ።»

ከዚያ ወደ ዛፉ አየች። ሁለቱ የተቆረጡ ቦታዎች አሁንም ነጭ ናቸው። «ሐኪሞቹ እስከ ማንጎ አለ። ማንጎ አያይም ይሆናል አለ። እሱ አያለሁ አለ። የእናቴን ሳፋ አንድ ጊዜ በእጄ በሩ ላይ አስቀምጣለሁ፣ ከዚያ ይበቃኛል አለ።»

እሺ አልኩ። እሺ ለምን እንዳልኩ አላውቅም።

ግንቦት 8

ከመድኃኒት ቤቱ ገመድ ስቤ ክፍሉ ውስጥ መብራትና ማራገቢያ አደረግኩለት። ሥራውን ለብቻዬ ነው የሠራሁት። ማራገቢያው ሲዞር ዓይኑን ገለጠ።

«ይሄ ከጣሪያው ነው?»

«ከጣሪያው ነው።»

«ይሠራል?»

«ይሠራል።»

«ተማም» አለ። ከዚያ፣ «ሰውዬው አዳምጦኛል። ከግራው አልወጣም» አለ። እየሳቀብኝ ነበር። ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ።

ስለ ዛፉ ልነግረው የመጣሁትን ነገር ጀመርኩ። እጁን ከአንሶላው አነሣ። «ማሊሽ፣ ግድ የለም። አንድ ቅርንጫፍ አለው አይደለም? አንድ ይበቃል። እናቴም በተከለችው ዓመት አንድ ነበረው።»

«ይደርሳል» አልኩት።

«መቼ?»

ወደ ማራገቢያው አየሁ።

«ተው» አለ። «ዘንድሮ አንተም አታውቅም።»

ግንቦት 10

ቅርንጫፉ ላይ ያለውን ፍሬ ከሥሩ ቆሜ አየሁ። ትልቁ ጡጫ ያክላል። ጠንካራ ነው። የጆንያውን ጭድ ገለጥኩ። ሁሉም ተጨማደዋል። ብዙወርቅ አንድ ሁለቱን በጣቷ ተጭና አየች፤ ከዚያ አፉን መልሳ አሰረችው።

ግንቦት 11

 ዓብዱልላጢፍ አልጋ አጠገብ ተቀመጥኩ። የልብ ምቱን ልቆጥር እጁን ያዝኩና ነዕማ ያለችኝ ትዝ አለኝ። ሳልቆጥር ያዝኩት።

ግንቦት 15

ዓብዱልላጢፍ ከሰዓት በኋላ። ቀብሩ ላይ ነበርኩ። አፈር ሦስት ጊዜ በእጃቸው ይጨምራሉ፤ እኔም ጨመርኩ። ብዙወርቅ ሱቁን ዘጋች። እኔ ረስቼው ነበር።

ግንቦት 17

የለቅሶው ድንኳን ግቢው ውስጥ ነው። ማታ መብራት ሄደ፤ ሰፈሩ ሁሉ ጨለመ። ሙዳሲር ወደ እኔ መጣ። «ዐሚ፣ ገመዱን እናውጣው?» አለ። ከክፍሉ ፈትተን ወደ ድንኳኑ አወጣነው። መብራቱ ከተቆረጠው ቅርንጫፍ ጉማጅ ላይ ተሰቀለ፤ ሌላ መስቀያ ስላልነበረ።

ከኋላዬ ሁለት ሰዎች ያወራሉ። ማን እንደሆኑ ዞሬ አላየሁም።

«ዛፉን የቆረጠው ይሄ ነው።»

«መብራቱ የማን ነው ታዲያ?»

«የሱ።»

«በል ሻዩን አቀብለኝ።»

ሰው ሲቀንስ ሙዳሲር አጠገቤ ተቀመጠ። ስለ ቤቱ ልጠይቀው አልፈለግኩም፤ እሱ ነው ያነሣው። «ዐሚ፣ ከወንድሞቼ ጋር ተነጋግረናል። ጣሪያው ያንተ ነው። አባቴ ፋቲሐ ቀርቶበታል፤ እኛ አንነካውም።»

«እኔ ግን ቃሌን—» አልኩ።

«እሱ ያንተ ነው» አለ። በክፋት አልነበረም ያለው። «እኛ የምንጠብቀው የአባታችንን ነው።»

ግንቦት 24

በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ይዘንባል። ከስምንት ሰዓት በኋላ ፀሐይ የለም። ዛፍ ቢኖርም ባይኖርም ማለት ነው። ፍሪጁ አራት ዲግሪ። ከአምባ አሥራ አራት መንደርና ከመንጌ ድረስ ለክትባት ይመጣሉ። «ዶክተር ጋ ሁልጊዜ አለ» ይላሉ። ሁልጊዜ አለ።

ወንበሩን አላነሣሁም።

ሰኔ 2

ሌሊት ነፋስ ነበር። ጠዋት ከቀረው ቅርንጫፍ ሥር ማንጎ ወድቋል። የበሰለ ነው፤ ሽታው ሱቅ ውስጥ ገብቷል።

ነዕማ የባሏን ሐዘን ተቀምጣለችና ከግቢ አትወጣም። ሙዳሲር ሳፋውን ተሸክሞ የግቢው መግቢያ ላይ አስቀመጠው። ድሮ ጠርዙ ድረስ ይሞላ ነበር። ዛሬ ታቹን ነው የሸፈነው። ሰው ማለፍ ጀመረ። ወደ ትምህርት ቤት የሚሄዱ ልጆች፣ የባጃጅ ሾፌር፣ ኻሚስ። አንሥተው ያልፋሉ፤ ከአንድ በላይ የወሰደ አላየሁም። ኻሚስ አነሣ፣ በጨርቁ ጠረገ፣ ወደ እኔ አየ፣ ሄደ።

እኔ ከግቢው በኩል ባለው የሱቁ በር ላይ ቆሜ ነበር። ሳፋው ከእኔ ሁለት እርምጃ ነው።

ነዕማ ከቤቷ ደጃፍ ሆና አየችኝ።

«ዶክተር፣ አትወስድም?»

እጄን በሱሪዬ ጠረግኩ።

«ቆሞ መውሰድ የለም። የሚያልፍ ሰው ነው የሚወስደው። ውጣና እለፍ።»

ኮቴን ለበስኩ። በሱቁ የፊት በር ወደ መንገድ ወጣሁ፣ እስከ ማዕዘኑ ሄድኩ፣ ተመለስኩ። ሳፋው ጋ ስደርስ ሦስት ቀርተው ነበር። ጎንበስ አልኩና ትንሿን አነሣሁ። አልፌ ሄድኩ። ግቢው ውስጥ ተመልሼ እንዳልገባ በዋናው መንገድ ዞሬ በፊት በር ገባሁ።

አልበላኋትም። ቀኑን ሙሉ ባንኮኒው ላይ፣ ሚዛኑ አጠገብ ነበረች። አልመዘንኳትም። ሱቅ ስዘጋ ፍሪጁን ከፈትኩና ከታችኛው መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኳት። ብዙወርቅ በሩ ላይ ያለውን ቀይ ጽሑፍ አየች፣ እኔን አየች፣ ቦርሳዋን አንሥታ ወጣች።

መለኪያው አራት ዲግሪ ይላል።